አንገት የሚቆርጠው ካሜራ

ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን ለመውሰድ ከሬጅስትራር ቢሮ በር ላይ ተሰልፌ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለሆንን ያንን ካርድ እንደ ትልቅ ነገር ነው የምንጠብቀው። ተራዬ ደርሶ ስቀበል መጀመሪያ ስሜን አየሁ፤ ፊደሉ ትክክል ነው። ቀጥሎ ፎቶውን አየሁ። ከአገጬ ሥር፣ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው፣ ቀጭን ነጭ መስመር አንገቴን አቋርጦት አልፏል።

ከኋላዬ የነበሩት ልጆች አይተው ሳቁ። አንዷ «ሰሚራ፣ ገና ፈተና ሳይጀመር አንገትሽን ቀሉት» አለችኝ። ካርዱን የሰጠኝ ሠራተኛ ቀና ብሎ ተመለከተና «ማሽኑ ነው፤ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ነገ ነይ፣ ይታደስልሻል» አለ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚያስደነግጥ ምንም የለውም። እኔ ግን ከሰልፉ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። «ማሽኑ ነው» የምትለዋን የመሰለች አባባል በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ከተማ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ትዝታ የሽማግሌ ነገር ነው ይባላል። እኔ ገና ልጅ የምባል ነኝ። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓመት የሚያስረጅ ነገር አለ፤ እኔ ላይ የደረሰው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ቆቦ ከተማ ላይ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከጎብዬ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ ወንድሟ ቤት ቆቦ ላከችኝ። ወንድሟን አያ ያሲን እንለዋለን። እኔ ስመጣ ገበያው ጫፍ ባለች ሱቅ ገመድ፣ ጀሪካንና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጥ ነበር። ቀድሞ ግን ፎቶ አንሺ ነበር። ከኛ መንደር እስከ ዋጃ ድረስ ሠርግ ሲሠረግ፣ ልጅ ሲገረዝ፣ ወታደር ሲሸኝ የሚጠራው እሱ ነበር። ካሜራው ከባድ ነው፤ ቆዳው ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። በትንሿ መስኮቱ ሲያዩ ከፊት የቆመው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሌላው እንደ ጥላ የሳሳ። ቀለበቱን ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ይደራረባሉ፣ አንድ ሰው ይሆናሉ። ያኔ ነው የሚነሣው። አያ ያሲን በጨዋታ «ሰውን ከጥላው ጋር ሳላስታርቅ አላነሣም» ይል ነበር አሉ።

ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። የተነሣው ፊልም በመድኃኒት ሲታጠብ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ኔጋቲቭ የሚባለው እሱ ነው። ፎቶው ከሱ ላይ በወረቀት ይታተማል። ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ኔጋቲቩ ፎቶ አንሺው ዘንድ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ኮፒ ቢፈለግ ከዚያው እንደገና ይታተማል። አያ ያሲን ኔጋቲቮቹን በባዶ የወተት ቆርቆሮዎች እየከተተ አልጋው ሥር ደርድሯቸው ነበር።

እኛ አገር ያንን ሌላ ኮፒ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ሐዘንተኛ ነው። ሰው ሲሞት፣ ለለቅሶው ፎቶው ተልቆ ይታተምለታል፤ ዘመድ እሱን ይዞ ያለቅሳል። ታዲያ አያ ያሲን ቤት መጥተው ያሳተሙ ሰዎች ፎቶው ላይ ሟቹ አንገት ላይ ጥቁር ጭረት ያገኙ ጀመር። አንዱ፣ ሌላው፣ ደግሞ ሌላው። ወሬው ከቆቦ ወጥቶ መንገዱን ይዞ ሄደ፤ የያሲን ካሜራ የሚሞተውን ሰው ቀድሞ ያውቀዋል፣ ገና በቁሙ አንገቱን ቆርጦ ያስቀምጠዋል ተባለ። ካሜራውን ሲያዩ የልጃቸውን ፊት በሻሽ የሚሸፍኑ እናቶች ነበሩ። የባጃጅ ሾፌሮች «አንገት ቆራጩ» የሚል ስም አወጡለት። ቀልድ ነበር፤ ግን ለሠርግ የሚጠራው ጠፋ።

እሱ ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። «ካሜራው ነው። አርጅቷል፣ ፊልም ይጭራል።» ሌላ አይጨምርም። ቀጥሎ ስልኩ መጣ፣ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆነ፣ አያ ያሲን ፎቶ ቤቱን ዘጋ።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ማሽላው ጥሩ ያዘ። በጥር ሜዳው ታጭዶ አገዳው በየአጥሩ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች ጭነታቸውን አራግፈው አገዳ ጭነው ሲመለሱ አቧራቸው እስከ ጓሯችን ይደርስ ነበር። የአያ ያሲን ልጅ ሙና ለዋጃ ልጅ ታጭታ ሠርጉ ተቃርቧል። ሙና ከኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ጥንቅሽ ስንልጥ እንኳ ጣፋጩን አንጓ ቀምታኝ የምትስቅ ልጅ ናት። አንድ ቀን አባቷን በዚያ ካሜራ እንዲያነሣት ጠየቀችው። በስልክ የተነሣ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ እኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው የምፈልገው አለች።

«አንገትሽን እንዲቆርጠው ነው?» አላት።

«ሰው ሁሉ አንገቱን ተቆርጦ እኔ ልቅር? ቁረጠኝ» አለችው።

እሱ አልሳቀም። ሱቁን ሊከፍት ተነሥቶ ወጣ። እሷም ያን ቀን አላለቀሰችም፣ ግን ጥንቅሹን ሳትልጠው አስቀመጠችው።

እኔ ነገር መጠገን እወዳለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያበሉኝንና ያስተማሩኝን ሰዎች ማስደሰት እወዳለሁ። ጭረት ካለ የሚጭር ነገር አለ፣ የሚጭረው ከተገኘ ይነሣል፣ ከተነሣ አያ ያሲን ልጁን ያነሣታል፣ ስሙም ይነጻል ብዬ አሰብኩ። ካሜራውን ልፈትሸው ብዬ ስጠይቀው እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ካሜራውንና ጊዜው ያለፈበት አንድ ፊልም አምጥቶ ሰጠኝና «ተጠንቀቂ» አለኝ። ያኔ መስታወቱን ማለቱ መስሎኝ ነበር።

መስኮት ሥር ነጭ ነጠላ አንጥፌ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ። ከስልክ ላይ እንዳነበብኩት ፊልሙን የሚነኩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ፊልሙ ከተጠቀለለበት ትንሽ ቆርቆሮ የሚወጣበት አፍ በከፋይ የተሸፈነ ነው፤ የኛ ቆላ አሸዋ እዚያ ከገባ እንደ ሞረድ ይሆናል። ቀጥሎ ምስሉ የሚያርፍበት መስኮት ጠርዝ አለ፤ ከኋላው ፊልሙን የሚጫነው ጠፍጣፋ ብረት፣ በስተመጨረሻም የሚጎትቱት ጥርሶች። ጥጥ በክብሪት እንጨት ጠቅልዬ እያንዳንዱን ቀስ ብዬ ዳሰስኩ፤ ሻካራ ነገር ካለ የጥጡ ክር ይያዛል። ጥጡ የትም አልተያዘም። ጥግ ላይ ግን አንድ ነገር አገኘሁ፤ ቀይ የማሽላ ገለባ። በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ አያ ያሲን ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከማሽላው ጋር በእህል ጉድጓድ ቀብሮት ነበር። ገለባው ከዚያ የገባ ነው።

ደስታዬን መቋቋም አቅቶኝ ሙናን ጠራኋት። ገለባውን በመዳፌ አይታ «ይቺ ናት ቆቦን ሁሉ ያስለቀሰችው?» አለች። ግን ሳስበው ካሜራው የተቀበረው ጭረቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ቢሆንም ፊልሙን አስገብቼ፣ በየቦታው በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ፣ ጥቂት ጎትቼ አወጣሁት። ጭረት ከመስኮቱ በፊት ከጀመረ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው፣ ከመስኮቱ በኋላ ከጀመረ የብረቱ ነው። ወደ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት። አንድም መስመር የለውም። ደግሜ አስገባሁት፣ በጣም ቶሎ ቶሎ አዞርኩት። ደግሞም ንጹህ። ያ ሁሉ ሰው የተናገረለት ካሜራ ፊልሙን እንደ ሐር ነበር የሚያሳልፈው።

ያን ሳምንት የሠርጉን ጥሪ ላደርስ ወደ ጎብዬ ተላክሁ። ከሚጠሩት አንዱ አባ ሞላ ነበሩ፤ ክርስቲያን ገበሬ፣ የአያ ያሲን የልጅነት ወዳጅ። አንድ ልጃቸው ከሞተ ቆይቷል። አጓት በቅል ሰጥተውኝ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶ አለ፤ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጎረምሳ፣ ከራስ እስከ እግሩ። በቁም የተነሣ ነው። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ ትልቅ ክፈፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን አይተው፣ እሱም ያው ልጃቸው መሆኑን፣ ለለቅሶው ተልቆ የታተመው እንደሆነ፣ አንገቱን ማየት ስላልቻሉ እንዳዞሩት ነገሩኝ።

«ያሲን ምን ያድርግ» አሉ። «ካሜራው ነው።»

ትንሹን ፎቶ ቀርቤ አየሁት። አንገቱ ላይ ምንም የለም። ጥርት ያለ ነው። አስፈቅጄ ትልቁን ገለበጥኩት። ያው ልጅ፣ ያው አቋቋም፣ ያው ከእግሩ ሥር የወደቀች ጥላ፤ አንገቱ ላይ ግን ጥቁር መስመር። ሁለቱ ከአንድ ኔጋቲቭ የታተሙ ናቸው። ካሜራው ጭሮት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የታተመውም ላይ ይኖር ነበር። ትልቁን እንደነበረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት።

ወደ ቆቦ ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት የዞብልን ተራራ እያየሁ ሌላም ነገር ገባኝ። ፊልም ካሜራው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ወደ ጎን። ሰው ከራስ እስከ እግሩ በቁም ሲነሣ ካሜራው በጎኑ ዞሮ ይያዛል፣ ፊልሙም ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ስለዚህ ካሜራው የሚያደርገው ጭረት ከራስ ወደ እግር ይወርዳል እንጂ አንገትን አያቋርጥም። የአባ ሞላን ልጅ አንገት ያቋረጠው መስመር ፊልሙን በስፋቱ ነው የቆረጠው። ካሜራ ያንን ማድረግ አይችልም።

ቤት ስደርስ ማንም አልነበረም። ከአልጋው ሥር አንዱን የወተት ቆርቆሮ ሳብኩና ፊልሞቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አነሣሁ። ብዙ ሰው አብሮ የተነሣበት ፎቶ ላይ አንድ ረጅም መስመር አልነበረም፤ እያንዳንዱ አንገት ላይ የራሱ የሆነ ትንሽ ጭረት ነበረ። የሙሽራው፣ የሚዜዎቹ፣ እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን እንኳ። አንድ ቦታ ግመል የምትጎተት አለች፤ የሚጎትታት ሰው አንገት ተሰምሯል፣ የግመሏም ረጅም አንገት መሃሉ ላይ ተሰምሯል። መስጊዱ ግን አልተነካም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዛፉም፣ ተራራውም አልተነኩም። የተሰመረው ነፍስ ያለው ብቻ ነው። በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ጥልቅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ሳይቸኩል የተሠመረ። ይህ የሰው እጅ ነው። ያውም ብዙ ዓመት የደከመ እጅ።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን መልሱን ያገኘች ተማሪ ነበርኩ፤ መልሱን ያገኘ እጁን ያወጣል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ሁላችንም ነበርን። የአያ ያሲን ሚስት እትዬ ዘምዘም የሠርጉን ማሽላ በሰፌድ ታበጥራለች፤ ገለባው ወደ ፊት እየበረረ ዶሮዎቹ ላይ ያርፋል። እትዬ ዘምዘም ዝምተኛ ናት። የምትስቀው በዓይኗ ነው። የትራስ ልብስ ስትጠልፍ መርፌዋ እንዴት እንደሚሮጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አያ ያሲን በርጩማ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ሙና እጇን ለሂና ታዘጋጃለች። እኔ ካሜራውን ይዤ መጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አያ፣ ካሜራው ንጹህ ነው» አልኩት። የጎብዬውን ፎቶ፣ የፊልሙን አቅጣጫ፣ የግመሏን አንገት ሁሉንም በተራ ነገርኩት። «የጫረው ካሜራው አይደለም። አንድ ሰው በሹል ነገር አስምሮበት ነው።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። የያዘውን ብርጭቆ አላስቀመጠም፣ አልጠጣምም።

«አውቃለሁ» አለ።

ሰፌዱ ቆመ። እትዬ ዘምዘም ጭኗ ላይ አሳረፈችውና «ምኑን ነው የምታውቀው?» አለች።

«ተይው ዘምዘም። የልጅ ጨዋታ ነው።»

«ያሲን። ምኑን ነው የምታውቀው?»

ወደ መሬት እያየ «መርፌሽን» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አስታውሰዋለሁ። እትዬ ዘምዘም ለእኔ ነበር ያስረዳችው፣ ባሏን ማየት ስላቃታት ይመስለኛል። ልጅ ሆና ቁርኣን ስትቀራ ሰምታለች፤ ነፍስ ያለውን ነገር ምስል የሚሠራ ሰው በመጨረሻው ቀን የሠራኸው ላይ ነፍስ ዝራበት ይባላል፣ እሱም አይችልም። ስለ ፎቶ ዐዋቂዎች የተለያየ ነገር ይላሉ፤ እኔ የምጽፈው እሷ የሰማችውን ነው። ሥራህን ተው እንዳትለው እንጀራቸው ነው። አንዲት አሮጊት ደግሞ ራሱና አካሉ በመስመር ከተለየ ምስሉ ነፍስ ያለው ነገር ከመባል ይወጣል አለቻት። ስለዚህ በየጁምዓው እሱ መስጊድ ሲሄድ ቆርቆሮውን ታወጣና በመርፌ ታሰምራለች። ለሰው የተሰጠው ወረቀት ተጠያቂው የወሰደው ሰው ነው፤ ቤት ለቀረው ግን የሚጠየቀው ባሌ ነው ብላ።

«ያ ፊልም ገለባ ነው ብዬ እኮ ነው» አለች፣ ሰፌዱን እያየች። «እህሉን ሰዎቹ ወስደውታል። ለኛ የቀረው ገለባው ነው ብዬ።»

አሁን ሳስበው፣ አያ ያሲን ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያለው ይህን እምነቷን እንዳይነጥቃት ነበር። ሙና ግን ይህን አታውቅም።

«እማ» አለች፣ «ሰው ሲሞት የሚታተመው እኮ ከዚያው ከገለባው ነው።»

እትዬ ዘምዘም ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ሲገባት አየሁት። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ፎቶ እንዴት እንደሚታተም አታውቅም። ሰው ሁሉ የካሜራውን ክፋት ሲያወራ እሷም አምናው ነበር፤ እንዲያውም ባሏን ከዚያ ክፉ ዕቃ በመርፌዋ የምትጠብቀው ይመስላት ነበር።

«የአባ ሞላ ልጅም?» አለች።

«አዎ» አላት አያ ያሲን።

«ለቅሶው ላይ ነበርኩ። ፎቶውን አየሁት። አቅፌያቸው አለቀስኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ፎቶ ቤታችን የተዘጋው... አንተን ያሉህ ያ ሁሉ ስም...»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ዘምዘም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ብርጭቆውን ያኔ ነው ያስቀመጠው። «ለኔ ብለሽ ነው ያደረግሽው» አለ። «ለኔ የተደረገልኝን ነገር ይዤ አደባባይ ልሙገት? ካሜራ ነው አልኩ። ካሜራ አይከፋውም።»

ሰፌዱን ከጭኗ ስታነሣ ማሽላው ፈሰሰ። ዶሮዎቹ ሮጠው መጡ፣ ማንም አላባረራቸውም። እሷ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ካሜራውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። እውነት ማግኘት እንዲህ የሚያስደነግጥ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ትምህርት ቤት መልስ ሲገኝ ነገሩ ያልቃል፤ እዚያ ጓሮ ግን መልሱ ሲገኝ ነው ነገሩ የጀመረው።

ሁለቱም ለቀናት አልተነጋገሩም። አልተጣሉም፤ እንዴት እንደሚጀምሩ ነው የጠፋባቸው። ሙና ሠርጉ ይቅር ለማለት እንኳ ደፍራ አንድ ሁለቴ አፏን ከፈተች። እኔን ማንም አልወቀሰኝም፤ አያ ያሲን ጭራሽ ሻይ ሳቀርብለት «የፊዚክስ መምህርሽ ያውቃል፣ ምን ዓይነት ልጅ እንዳለችው?» አለኝ። ያ ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም አላወቅኩትም።

አንድ ማለዳ እትዬ ዘምዘም ቀሰቀሰችኝና ጎብዬ ውሰጂኝ አለች። በመንገዱ ሁሉ አልተናገረችም፤ ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ጉልበቴን ብቻ ትይዛለች። አባ ሞላ ቤት ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሽማግሌው ይጮኻሉ ወይ ያስወጡናል ብዬ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ሄደው ያን የዞረ ክፈፍ ገለበጡትና ፊቱን ወደ ቤቱ አደረጉት።

«ልጄን የካሜራ ጋኔን ቆረጠብኝ እያልኩ ስንት ሌሊት አደርኩ» አሉ። «ለካ የሰው እጅ ነው። ያውም ፈጣሪውን የሚፈራ እጅ። ይሄ ይሻለኛል።» ከዚያም «ለሠርጉ እመጣለሁ» ብለው ሸኙን።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ የዋጃ ሰዎች ገና ሳይደርሱ፣ አያ ያሲን ካልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ሙና ለብሳ ተዘጋጅታለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሂና ነው። ስለ ፎቶ ማንም ቃል አላነሣም። ያን ጊዜ እትዬ ዘምዘም ከጓዳ ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ አንገቷን በጥቁር ሻሽ ዙሪያውን ጥምጥም አድርጋ አስራዋለች። ሌላ ጥቁር ሻሽ በእጇ ይዛለች። የሙናን አንገት እንደዚያው አሰረችላትና ከኋላ ቋጠረችው። ከዚያ ካሜራውን ከሳጥኑ አንሥታ ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እሷ ካሜራ ፊት ቆማ የማታውቅ ሴት ናት። ሲያነሣ ከክፍሉ ትወጣ ነበር።

«መስመሩን ራሳችን ለብሰነዋል» አለችው። «ከእንግዲህ እኔም አላሰምርም፣ አንተም አትዋሽም። አንሣን።»

አያ ያሲን ወዲያው አልተነሣም። ያን ሁሉ ስም ሲያወጡለት ያልራሰ ዓይኑ ራሰ። ጓሮ ወጥተን በማሽላው አገዳ አጥር ፊት ቆሙለት። ከቀሩት አሮጌ ፊልሞች አንዱን አስገብቶ፣ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቀለበቱን ማዞር ጀመረ። አዞረ፣ መለሰ፣ ደግሞ አዞረ። ሙና «አባ፣ ፀሐዩ» አለችው። እሱ ግን ቶሎ አላነሣም። በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ሚስቱ ሁለት ሆና ትታየው እንደነበረ አውቃለሁ፤ አንዷ ደማቅ፣ አንዷ እንደ ጥላ። እስኪገጥሙ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ካሜራው ያን ደረቅ ድምፁን አሰማ።

የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ቆቦ ውስጥ አልተገኘም፤ ጊዜው አልፎበታል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በቅርቡ ነው እዚህ ከተማ አሁንም ፊልም የሚያጥብ አንድ ወጣት ያገኘሁት። ፊልሙ ስላረጀ ምስሉ ጭጋግ ለብሷል። ግን ሁለቱም አሉ። ኔጋቲቩን ወደ ዶርማችን መስኮት ሳነሣው ፊታቸው ጠቁሮ፣ ቀሚሳቸው ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ሻሽ ብቻ እንደ ብርሃን ነጥቶ አንገታቸውን ይዞራል። ጥፍሬን አሳለፍኩበት፤ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይይዝም።

ስለዚህ ነው መታወቂያዬን ሳይ ግድግዳ የተደገፍኩት። ማታ ካርዱን በስልክ አንሥቼ ለሙና ላክሁት፤ ከሠርጉ በኋላ ዋጃ ብትኖርም ያን ቀን እናቷ ዘንድ ነበረች። ወዲያው ተደወለ። የደወለችው እትዬ ዘምዘም ናት። ከኋላዋ የአያ ያሲን ሳል ይሰማል።

ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ሰሚዬ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማሽኑ ነው፣ እትዬ።»

ይሄን ያህል ጊዜ አልፎ፣ ጎብዬ ድረስ ሄዳ ተናዝዛ፣ ያን ፎቶ ተነሥታ፣ አሁንም መስመር ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የራሷን እጅ ነው።

«እውነት ማሽኑ ነው?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ካርዱን መብራቱ ሥር አድርጌ ደግሜ አየሁት። ከኔ ጋር ካርድ የወሰደችውን የዶርም ጓደኛዬንም ካርድ ለምኜ አየሁ፤ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ውፍረት፣ እሷም ላይ መስመሩ አለ። የሷ ላይ ያረፈው ከንፈሯ ላይ ስለሆነ አላስተዋለችውም ነበር። ጥፍሬንም አሳለፍኩበት፤ ምንም አይይዝም።

«ፈትሼዋለሁ፣ እትዬ» አልኳት። «እውነት ማሽኑ ነው።»

ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። «አልሀምዱሊላህ» አለች። ከዚያም ስልኩን ለአያ ያሲን ሳትሰጠው፣ እዚያው እያለቀሰች ወይ እየሳቀች እንደሆነ ሳላውቅ፣ እራት በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።